እልፍኙ አልከፈት ያለ ዕለት

ያቺ «ጢጥ» የምትል ድምፅ ናት ከቢሮው ያስወጣችኝ። አንተ ኮምፒውተሩን ስትከፍተው ጢጥ አለ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጫጭ ፊደል ከላይ እስከ ታች ተደረደረበት፤ እኔም የያዝኩትን ፋይል ጠረጴዛው ላይ ጥዬ በረንዳ ወጣሁ። «ምን ሆና ነው?» ብለህ ጠይቀህ ነበር አሉ። ምንም አልሆንኩ። ሆድ ብሶኝ ነው። እስቲ ያን ወንበር ሳብና ተቀመጥ፤ ለዚህ ቢሮ ሰው ነግሬ የማላውቀውን ልንገርህ። ሳቅህ ከመጣም ሳቅ፤ መጀመሪያው የሚያስቅ ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረች። አሁን ፎቅ ቆሞበታል፤ ብትፈልጋትም አታገኛት። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ ትምህርት ለጨረሱ ልጆች ኮምፒውተር እናስተምራለን። ቤቲቱ የቀለም ዱቄት፣ የጋለ ፕላስቲክና የእርጥብ ጋቢ ሽታ ነበራት፤ ዝናብ የመታው ገበያተኛ ሁሉ ወደኛ ነበር የሚጠጋው። ባለቤቱን «ጋሼ» ነበር የምላቸው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ተረበኛ፣ አንጀታቸው ቅቤ የሆነ ሰው ነበሩ።

ሦስት ኮምፒውተር ነበረን። ሁለቱ የሁሉም ነበሩ። ሦስተኛው፣ ጥግ ላይ ያለው፣ ባንድ ሆዱ ሁለት ሲስተም ተጭኖበታል። ስታስነሳው ዝም ብሎ አይገባም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መስመር ያወጣና ከአሥር ወደ ታች እየቆጠረ «በየትኛው ልግባ?» ይልሃል። አንዱ ዊንዶውስ ነው፣ አንዱ ሊኑክስ። ጋሼ ግን እንዲህ ብለው አይጠሯቸውም። ፍላሹን ይዞ የመጣ ሁሉ የሚገባበትን ዊንዶውሱን «አደባባይ»፣ ቫይረስ የማይደርስበትን ሊኑክሱን ደግሞ «እልፍኝ» ነበር የሚሉት። «ማንም የሚረግጠው አደባባይ ይቀመጥ፤ የከበረ ነገር ግን እልፍኝ ነው ቦታው» ይሉኛል። የሙት ፎቶ፣ የሰው ዲግሪ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ ሁሉም እልፍኝ ይገባል። እኔ በልቤ እስቅ ነበር። አንድ የሳሙና ካርቶን በምታክል ብረት ውስጥ እልፍኝና አደባባይ!

አሁን ስለ ጓደኛዬ ልንገርህ። ጋፋት ነው ቤታቸው፤ በእግሯ ተነስታ ነበር ለትምህርት የምትመጣው፣ ጫማዋ ጭቃ፣ ደብተሯ ግን ንጹሕ። ቀልድ ስትጀምር ራሷ ቀድማ ትስቅና መጨረሻውን ሳንሰማው እንቀራለን። ወደድኳት፤ ሌላ ምን ልበልህ። ቅዳሜና እሑድ ቤታቸው ሄጄ አድር ነበር። እናቷ «አንች ከሲታ» እያሉ ከልጃቸው እኩል ያጎርሱኝ ነበር። አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው፤ ባላቸው ቀድመው ሞተዋል። አሥረኛ ክፍል ፈተና ሳይመጣላት ሲቀር ጓደኛዬ አረብ አገር ሄደች። «ሁለት ዓመት ነው፤ የእናቴን ቤት ቆርቆሮ አልብሼ ከች ነው» አለችኝ፤ እየሳቀች።

እናቷ ስልክ የላቸውም። ቢኖርም ቤታቸው ከጉብታው ጀርባ ስለሆነ ኔትወርክ አያገኝም። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርን። እሷ ካለችበት ከተማ ወደ አገር ቤት የምትመለስ ሴት ስትገኝ፣ ድምፅዋን በሴትየዋ ስልክ ትቀዳና በሚሞሪው ትልክልኛለች። ከስልኩ የምትወጣ ካርድ ናት ሚሞሪዋ፣ የጥፍር ያህል። እኔ እገለብጥና እልፍኝ አስገባዋለሁ፤ እናቷ ለቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አደርግላቸዋለሁ፣ በሻሻቸው ላይ። እማማ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ነገር አድርገው አያውቁም። ጆሯቸው ስለተደፈነ ድምፃቸው ምን ያህል እንደሚጮኽ አይታወቃቸውም። ልጃቸው ከወዲያ ስትናገር እሳቸው ከወዲህ በሙሉ ድምፃቸው ይመልሳሉ፦ «እንደምን አለሽ እናትዋ! በልተሻል ወይ? አረ ምን ያበላሉ እነዚህ! ብርድ ልብስ አለሽ?» ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሰው ሁሉ ይስቃል። እሳቸው አይሰሙም። ሁለት ጊዜ እንዲህ አደረግን። እነዚያን ሁለት ቅዳሜዎች ዛሬም ሳስታውስ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነው እንጂ።

ሦስተኛው ቃል የመጣው ኅዳር ሲገባ፣ በዕለተ ማክሰኞ ነው። አንዲት ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት ከነሽቶዋ ገባች፤ ቤቱን ሽቶ ሞላው። «ሐሙሲት ነው የምሄደው፣ መኪናው ይጠብቀኛል፣ ቶሎ» አለችና ስልኳን ከፍታ ሚሞሪውን አወጣች። «የጓደኛሽ ነው። ለእናቷ ነው። ለብቻቸው ይስሙት ብላለች፤ አንቺም እንዳትሰሚው።» ገለበጥኩት። መገልበጡን ለማረጋገጥ ብቻ ጫን አደረግሁት። «እማዬ፣ ይኸን ስትሰሚ አጠገብሽ ሰው አይኑር» አለች። ሳቅ የለበትም። ደንግጬ ዘጋሁት። አሥራ ሁለት ደቂቃ ይላል ርዝመቱ። «ለእማዬ» ብዬ ስም አወጣሁለትና እልፍኝ አስገባሁት። ሴትየዋ ሚሞሪዋን ተቀብላኝ ሄደች፤ በኋላ ሳጠያይቅ ወንድሟ ዘፈን አስጭኖበታል።

ሐሙስ ዕለት አጎቷ መጡ። የእናቷ ወንድም ናቸው፣ እዚሁ ከተማ ወፍጮ ቤት የሚሠሩ፤ ቅንድባቸው ሁልጊዜ ዱቄት ነው። በሩ ላይ ቆመው በእጃቸው ጠሩኝ። «አንች ልጅ፣ ጓደኛሽ አረፈች። ትናንት ማምሻውን ደወሉልኝ። ከፎቅ ወደቀች ነው የሚሉት።» ጩኸቱ ከአፌ ሊወጣ ሲል እጃቸውን አፌ ላይ ጫኑት። ዱቄቱ ምላሴ ላይ ቀረ። የገብስ ዱቄት ነበር።

«አፍሽን! እህቴ አልሰማችም» አሉኝ። «ይኸ ነገር በገበያ አይነገርም። ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። ዘመድ ይሰብሰብ፣ የንስሐ አባቷ ይምጡ፣ ያኔ በማለዳ በወጉ እናረዳታለን።»

አንተም የዚህ አገር ልጅ ነህ፣ ታውቀዋለህ፤ መርዶ አንዱ ብቻውን ሄዶ አፉ እንዳመጣለት አይናገረውም። ሰው ልብ ደግፎ የሚይዝ ሰው በዙሪያው ይፈልጋል። ክፉ ወግ አይደለም። እኔን ግን በላኝ።

ድምፅ እንደመጣ ነገርኳቸው። አጎትዮው፣ «አሁን እንዳታሰሚያት» አሉ። «የሞተች ልጇን ቃል እየሰማች ስቃ ትውጣ? ነውር ነው። ካረዳናት በኋላ ትሰማዋለች። ሬሳዋ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም፤ ቃሏ እንኳ ይትረፋት። አደራ ብያለሁ።» አደራ አሉኝ። እኔም ተቀበልኩ።

ቅዳሜ እማማ መጡ። አንድ ቁና የገብስ በሶ ይዘውልኝ መጥተዋል። «ከአረብ አገር ሰው ገብቷል አሉ፤ ለኔ ቃል አልመጣልኝም?» አሉኝ። «አልመጣም እማማ» አልኩ። ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ወረቀት አስተካክላለሁ። «ይሁን፤ ሥራ በዝቶባት ነው። አንችም ከስተሻል፣ ያን በሶ ብይ።» በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ፤ «አልመጣም እማማ።» ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። ውሸት ነው። የኔ በየቀኑ ይከብድ ነበር። በየማለዳው እልፍኝ እገባና «ለእማዬ» የምትለዋን ስም አይቼ እወጣለሁ፤ አልነካትም፣ መኖሯን አያለሁ ብቻ።

ከዚያ የሠፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ስምንት ቀን መብራት የለም። ጋሼ ሥራ ከቆመ ብለው ጉልበታቸውን ሊዘፈዝፉ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረዱ። «እስክመጣ ቤቱን አደራ» አሉኝ እሳቸውም። ያን ሰሞን አደራ ብሎ የማይተወኝ ሰው አልነበረም።

መብራቱ የተመለሰ ሐሙስ፣ ረፋድ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐዩ በቆርቆሮው ሽንቁር ገብቶ ወለሉ ላይ ነጥብ ነጥብ ጥሏል፣ ኮምፒውተሮቹ መጉረምረም ጀምረዋል። ጥግ ያለውን ስከፍተው ጢጥ አለና ቆመ። ሆዱ ውስጥ አንዲት እንደ ልብስ ቁልፍ ድቡልቡል ባትሪ አለች፣ መብራት ሲጠፋ ቀኑን የምታስታውስለት። ሞታለች። ማሽኑ ቀኑን ረስቶ «ቀን አስገቢልኝ» ይላል።

አሁን ነው የምትስቀው። ደንበኛው ሁሉ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን እያየ «ይኸ ማሽናችሁ ቀን አያውቅም እንዴ?» እያለ ሲያላግጥብን ነበር የኖረው። ስለዚህ ቀኑን ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ። ከጠየቀኝማ የአገሬን ቀን ነዋ የምነግረው! ኅዳር ሦስተኛ ወር ነው፤ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ዓመተ ምሕረቱን በኛ አቆጣጠር ሞላሁ። ሰዓቱንም ሦስት ሰዓት። «በል እንግዲህ ሐበሻ ሆነሃል» አልኩት፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው።

አደባባዩ በደንብ ተከፈተ። እስከ ምሳ ማመልከቻ ስጽፍበት ዋልኩ። ከምሳ በኋላ አጥፍቼ አስነሳሁትና እንደ ልማዴ ሁለተኛውን መስመር፣ እልፍኙን፣ መረጥኩ። ስክሪኑ ጠቆረ። ነጫጭ ፊደል ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። መዝገበ ቃላት አውጥቼ ቃል በቃል ፈታሁት። «ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበት ቀን ወደፊት ነው» ይላል። ከሥሩ የባለቤቱን የይለፍ ቃል ስጪና ጠግኚ ይላል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ጋሼ ናቸው።

እንዴት ነው ገና ባልመጣ ቀን የተከፈተው? ያለፈ ነገር እንዴት ወደፊት ይሆናል? አማተብኩ። አትሳቅ። ጓደኛዬ ሞታ፣ ድምፅዋ እዚያ ውስጥ ተቆልፎ፣ ማሽኑ «ወደፊት» ይለኛል። ጋሼ ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው አይገባም። ደጋገምኩ፤ አይገባም።

ዓርብ አጎትዮው ከነዱቄታቸው ብቅ አሉ። «እሑድ ማለዳ እናረዳታለን። ድምፁን አዘጋጂ፣ በሣልስቱ ይዘሽልን ትመጫለሽ።» «እሺ» አልኩ። ማሽኑ አልከፈት ብሏል አላልኩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማለት እንዲህ ነው፤ ሰርተፊኬቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ «አላውቅም» ማለት ሞት መስሎኝ ነበር። ሌላ ባለሙያ እንዳልጠራ ደግሞ ምን ልበለው? ውስጡ ምን አለ ቢለኝ? ምስጢሩ ከከተማው አፍ ገብቶ ማምሻውን ጋፋት ይደርሳል።

ራሴ ገባሁበት። ክዳኑን ፈታሁ፣ አቧራውን በአፌ ነፋሁ፣ አንደበቴ አፈር አፈር አለኝ። ሽቦዎቹን ነቅዬ መለስኩ። ጋሼ እንደሚያደርጉት የማሽኑን የራሱን ሜሞሪ ጥርስ በላጲስ ፈተግሁ። አስነሳሁት። «ወደፊት ነው» አለኝ። እንደገና ፈታሁ፣ እንደገና ገጠምኩ። «ወደፊት ነው።» ቀኑን ልብ አላልኩትም። እዚያው ስክሪን ላይ፣ መልእክቱ ውስጥ ሁለቱም ቀኖች ተጽፈው ነበር፤ አንዱ የፈረንጁ፣ አንዱ የኔ። አየኋቸው፣ ግን አላነበብኳቸውም።

ቅዳሜ ጧት የጋሼን ሲዲ አወጣሁ፣ በእስክሪብቶ «እልፍኝ» ተብሎ የተጻፈበትን። በኛ ቤት ዊንዶውስ ሲበላሽ አንዱን ክፍል ፎርማት እናደርጋለን፤ የሰው ፋይል በሌላው ክፍል ስለሚቀመጥ ምንም አይሆንም። እልፍኙም እንደዚያ መሰለኝ። ሲስተሙን አድሳለሁ፣ ፋይሉ ቦታው ይጠብቀኛል ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን ሁሉንም ባንድ ክፍል ነበር የያዘው። «ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚለው ብዬ «አዎ» አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ «አዎ» አልኩት።

አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሲዲው ውስጥ ውስጡን ሲዞር እሰማዋለሁ፤ ከደጅ ገበያው ይንጫጫል፣ አህያ ያናፋል፣ የበርበሬ ሽታ ይገባል። አልቆ ሲከፈት እንዴት ያምር ነበር መሰለህ! አዲስ ቤት፣ የተጠረገ። ሰነድ ውስጥ ገባሁ፣ ባዶ። ድምፅ ውስጥ ገባሁ፣ ባዶ። «ለእማዬ» ብዬ አስፈለግሁት። ምንም የለም አለኝ። እንደገና አስፈለግሁት። እጄ ማውሱ ላይ አልቦት እስኪያሟልጭ ድረስ እየደጋገምኩ አስፈለግሁት። ገደልኳት አልኩ። አንዴ ከፎቅ ወድቃ ነበር፤ ሁለተኛውን እኔ ገደልኳት።

እዚያው እንደተቀመጥኩ እማማ ገቡ። ለማግስቱ ምን እንደተደገሰላቸው አያውቁም። «ዛሬስ?» አሉኝ። «የለም እማማ» አልኩ። ያን ቀን ብቻ አልዋሸሁም።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ከሰዎቹ ጋር ሄድኩ። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ተከናንበው አጥሩ ሥር ቆሙ፤ ውሻው ብቻ ይጮኻል። እማማ መጥረጊያ ይዘው ወጡ። ቄሱን በዚያ ሰዓት ሲያዩ መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። «አንድ ናት ያለችኝ» አሉ። ማንም ምንም ሳይላቸው። «አባቴ፣ አንድ ናት ያለችኝ፣ ይተዉኝ፣ አይናገሩ።» ቀሚሷን አውጥተው ዘርግተው አለቀሱላት፤ ሬሳዋ ሳይመጣ ቀረ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ማለዳ አልናገርም።

ሰኞ ጋሼ ከወንዛዬ ተመለሱ። ፊታቸው ከፍል ውሃው ፈክቶ፣ አካሄዳቸው ተሽሎ። ጥግ ያለውን ማሽን ገና ሲያዩት ስክሪኑን አፍጥጠው አዩና፣ «እንዴ! ይኸን ማሽን ክርስትና አነሳሽው እንዴ? ምን ዓይነት ቀን ነው ይኸ?» አሉ፤ ሳቁ። «ምነው፣ ዛሬ ኅዳር አይደለም?» አልኩ። «የኛ ኅዳር ነው እንጂ! ማሽኑ በፈረንጅ ነው የሚቆጥር። ሰባት ዓመት ወደኋላ ጎተትሽው እኮ። እልፍኙ እንዲህ ካደረግሽው አይከፈትም፤ ትናንት የተዘጋውን ከሰባት ዓመት በኋላ የሚዘጋ ይመስለዋል። ቀኑን መመለስ ነው፣ ሁለት ደቂቃ...»

መሀል ላይ ፊቴን አዩት። ነገርኳቸው፤ ከሽቶዋ ሴት ጀምሬ እስከ አጎትዮው እጅ፣ እስከ ሁለተኛው «አዎ» ድረስ። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። ቀኑንና ሌሊቱን ሙሉ፣ ደንበኛ እየመለሱ፣ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ጭነው ቆፈሩ። የሰው የሠርግ ፎቶ ግማሹ ወጣ፤ ግማሽ ፊት፣ ግማሽ ቬሎ። የጓደኛዬ ድምፅ አልወጣም። «የፈሰሰ ውሃ ነው ልጄ» አሉኝ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፤ ከዚያ በኋላ እልፍኝ የሚለውን ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሣልስት ባዶ እጄን ሄድኩ። ለአጎትዮው ቀድሜ «ማሽኑ ተበላሽቶ ጠፋ» አልኳቸው። የዱቄት ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም፤ «አይ አደራ!» ብቻ ብለው ዞር አሉ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ካገኙኝ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያልፉኝ። እማማ ግን ሰምተዋል፤ ከሴቶቹ መሀል አስጠሩኝና ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ድምፃቸው ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል። «ቃሏ አንች ዘንድ አለ አሉኝ» አሉ።

እውነቱን ልናገር ነበር የሄድኩት፤ ወንጌል ፊት ቁሚና ማይልኝ ብትለኝ እምልልሃለሁ። ዓይናቸውን አየሁ። «ማሽኑ ተበላሽቶ ድምፁ ጠፋ እማማ» አልኩ፤ ይህ እውነት ነው። ከዚያ ግን አፌ ቀጠለ፦ «እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።» ሴቶቹን ዘወር በሉልኝ ብለው ካስወጡ በኋላ አንገታቸውን ወደኔ ዘንበል አድርገው ጠበቁኝ። እኔም ፈጠርኩ። «እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። እመቤቲቱ ክፉ አይደለችም። በልቼ አድራለሁ። ራስሽን ጠብቂ፣ ጧት ጧት ብርድ ላይ አትውጪ። ቡሬን እንዳትሸጫት፣ ወተቷን አንቺው ጠጪው። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ በኔ አታስቢ።» ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። አላለቀሱም።

ለሙት ዓመቷ ስሄድ «እስቲ ያን ቃል» አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ነው። የሚገርምህ፣ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን አንዲት ቃል ቢቀየር ያውቃሉ። እኔ ደግሞ እንዳልስት ወረቀት ላይ ጽፌ እያጠናሁ እሄድ ነበር፣ እንደ ፈተና።

ያቺን ሽቶዋን ሴት ከዓመት በኋላ ገበያ አገኘኋት። ከስታለች፣ አባያውን ትታዋለች። «ምን ነበር ያለቻቸው?» ብዬ ያዝኳት። «እኔ ምን አውቄ! ከክፍሉ አስወጣችኝ። በር ላይ ቆሜ ለቅሶዋን ነው የሰማሁት። ስትወጣ ፊቷ አብጦ ነበር» አለችኝ። አውጡኝ ብላ ይሆናል። ማን ምን እንዳደረጋት ስም ጠርታ ይሆናል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ብዙ ነው፤ አንድ ሰው ብዙ ሊናገርበት ይችላል። ያን ሁሉ አጥፍቼ ስለ ላም ወተት አወራሁላቸው። ይኸን ነው እንቅልፍ ሲከዳኝ የማስበው፤ ሌላው ሁሉ ይቅር።

ባለፈው ክረምት ሲወጣ ጋፋት ሄጄ ነበር። እማማ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ የሚመጣውን ሰው በእግር ኮቴው ነው የሚለዩት። ቤታቸው ዛሬም ሣር ክዳን ነው። ፀሐይ ላይ ወጥተው ተቀምጠው ገብስ ይለቅማሉ፤ በእጃቸው ዳብሰው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬ መልቀም ጀመርኩ። ቀና ሳይሉ፣

«ያን ቃል አንች ነሽ የፈጠርሽው» አሉኝ።

እጄ ገብሱ ውስጥ ቀረ።

«አትደንግጭ። ያኔውኑ ነው ያወቅሁ። ደህና የሆነች ልጅ 'ሰው አጠገብሽ አይኑር' ብላ ለእናቷ ቃል ትልካለች? ያች ሴት ይኸን ለወንድሜ ነግራው ነበር፤ እሱም ነገረኝ። ደህና ብትሆን ኖሮ እንደ በፊቱ ገበያው ሁሉ እየሳቀብኝ ነበር የምሰማት።»

«ታዲያ ለምን...» አልኩ። «ለምን ዝም አሉኝ እማማ? በየዓመቱ ለምን ያስደግሙኛል?»

«ሌላ ምን አለኝ ብለሽ ነው» አሉ። ገብሷን ከጠጠሩ ለይተው ወደ ሰፌዱ ጣሏት። «አንችስ ብትሆኝ በኔ ፊት ሌላ ምን ታደርጊ ነበር።» ከዚያ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉት። «በይ እስቲ ድገሚልኝ።»

አንገቴን አቀርቅሬ ጀመርኩ። «እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። እመቤቲቱ ክፉ አይደለችም። በልቼ አድራለሁ። ራስሽን ጠብቂ።» እንባዬ አፌ ውስጥ ይገባል። «ቡሬን እንዳትሸጫት...»

ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

«ብርዱን ዘለልሽው» አሉኝ።